አርባ ሴኮንድ በእናት ድምፅ

ሐሙስ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በእኛ ሕንፃ ውስጥ እናቶች ይናገራሉ። በሕይወት ያሉትም፣ የሞቱትም። አርባ ፎቅ ሙሉ፣ ከየግድግዳው ማዶ «አይዞህ የእኔ ልጅ»፣ «አይዞሽ የእኔ ዓለም»፣ «አለቀ፣ አለቀ፣ ትንሽ ቀረ» ይላሉ። አርባ ሴኮንድ ያህል ይቆይና ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሰው ጭኑን እያሸ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ጣራ ከለበሰች አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከየጎፍ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ማዶ ያለው ሰማይ በሙሉ በመስታወት ሰሌዳ ተሸፍኗል። ፀሐይዋ ከላይ ሥራ ላይ ናት። መብራት ትሆንና በሽቦ ወደ ጎረቤት አገር ትሄዳለች። ከታች ያለነው ደግሞ ድርሻችንን በየሳምንቱ በመርፌ እንወስዳለን።

መድኃኒቱ ቢጫ ነው፤ እንደ ዘይት የወፈረ ቫይታሚን። እኛ የፀሐይ መርፌ እንለዋለን። መውጊያውን በቅርጹ ምክንያት እስክሪብቶ እንለዋለን። ጭን ላይ አስደግፈው ቁልፉን ሲነኩት መርፌው ይገባል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ተጨምቆ እስኪያልቅ አርባ ሴኮንድ ይፈጃል። መግባቱንስ ሰው ይችለዋል፤ አርባ ሴኮንዱ ነው የሚያስጮኸው።

ድምፁ የመጣው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው እስክሪብቶ መደበኛ ድምፅ አለው። አንዲት ወጣት «አሁን መጠነኛ የምቾት ማጣት ሊሰማዎት ይችላል» ትላለች። እሷን እየሰማ አርባ ሴኮንድ የጨረሰ ሰው በሕንፃችን አላውቅም። ጤና ቢሮው ብዙ ዓመት ካጠና በኋላ፣ ሰው ያሳደገውን ሰው ድምፅ እየሰማ ሲወጋ ሕመሙ በግማሽ እንደሚቀንስ ደረሰበት። ስለዚህ እናት ያለው እናቱን፣ የሌለው ያሳደገውን ሰው ያስቀዳል።

ጎረቤቴ ጋሽ እንድሪስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እናታቸው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ድምፃቸው ሲፈለግ የተገኘው በአንድ አሮጌ ስልክ ውስጥ የቀረ አንድ መልእክት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ በግድግዳው በኩል አንዲት አሮጊት «እንድሬ፣ ሽንኩርቱን ገዛኸው ወይስ ረሳኸው? ቀዩን ነው ያልኩህ፣ ነጩን ይዘህብኝ እንዳትመጣ» ሲሉ ይሰማል። ጋሽ እንድሪስም «ገዝቻለሁ እማ፣ ቀዩን ነው» ይላሉ። በዚህ ፎቅ ጮኸው የማያውቁ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለቤቴ ሙሄ አይወጋም። ሥራው ጣራው ላይ ነው፤ ሰሌዳዎቹን ከአቧራና ከአሞራ ኩስ ያጸዳል። ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይወርዳል። ሲወርድ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ የፊቱን ቆዳ ያየዋል። ቤት ገብቶ ጭኔን ሳሽ ሲያገኘኝ «ግን በእርግጥ ያማል እንዴ?» ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ጠይቆኛል። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ «ዛሬ ወደቀ» እያልኩ ጠብቄዋለሁ። እስካሁን አልወደቀም። ይህ ግን ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለም።

ጉዳያችን የመጣው ልጃችን ሐናን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሞላ ነው።

እስከዚያ ድረስ የምወጋት እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል በብብቴ አሞቀዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ይበልጥ ያማልና። ቆዳዋን በአልኮል እጠርግና እስኪደርቅ አራግበዋለሁ፤ እርጥብ አልኮል ከመርፌው ጋር ከገባ ያቃጥላል። አንድ ሳምንት ቀኝ ጭን፣ አንድ ሳምንት ግራ ጭን። «የእግር ጣቶችሽን አወዛውዢ» እላታለሁ፣ ጡንቻዋ እንዲላላ። እሷ ጣቶቿን እያወዛወዘች ትጮሃለች፤ እኔ እየወጋሁ «እኔን! እኔን!» እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን አደገች።

አሥራ ዘጠኝ የሞላው ሰው ግን ራሱን መውጋት አለበት። ሦስት ሐሙስ ይሰጠዋል። ከሦስቱ በአንዱ አርባውን ሴኮንድ ከጨረሰ «ራሱን ችሏል» የሚል ወረቀት ያገኛል። ሦስቱንም ካቋረጠ «ተወጊ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ተወጊ ደግሞ ለአንድ ዓመት ከሚወጋው ሰው ቤት መራቅ አይችልም።

ሐናን ሰመራ የጨው ባትሪ ማሠልጠኛ ሁለት ዓመት እንድትማር ተቀብለዋታል። አውቶብሱ የሚነሣው ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ሰመራ ጣራ የላትም፤ ፀሐይ አላት። ፀሐይዋ ግን ሰው የሚወጣባት ዓይነት ስላልሆነች ሰዉ ከምድር በታች ነው የሚኖረው። እኛ ፀሐይ አጥተን እንወጋለን፤ እነሱ ፀሐይ በዝቶባቸው ይወጋሉ። ማሠልጠኛው ተወጊ አይቀበልም።

ይህን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ካልቻለች አትሄድም ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም ቀለል አለኝ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሦስተኛ ፎቅ ወደ ሲስተር ትርንጎ ክፍል ወረድን። ሲስተር ትርንጎ የሕንፃው የመርፌ ተቆጣጣሪ ናት። እኩዮች ነን፤ አብረን ነው የተማርነው፣ እሷ ቀጠለች እኔ አሥራ ሁለተኛ ላይ ቀረሁ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ወላጅ ወደ ውስጥ አይገባም። ሐናን ከመግባቷ በፊት ግን ያነበብኩትን ነገርኳት፦

«መርፌው ሲገባ አስይ። ሰውነት ሁለት ነገር በአንዴ አያስተውልም።»

«እርግጠኛ ነሽ እማ?»

«ወላሂ፣ ተጽፎ ነው ያየሁት።»

አሳለች። ልጄ የምታደርገውን ነገር ግማሽ አታደርግም። እስክሪብቶው ከጭኗ ተስፈንጥሮ ሲስተር ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ ቢጫው ዘይት መዝገቡ ላይ ተረጨ። መደበኛዋ ልጅ አሁንም «መጠነኛ የምቾት ማጣት» እያለች ነበር።

«አራት ሴኮንድ» አለች ሲስተር ትርንጎ መነጽሯን እየጠረገች። «ሳሉን የመከረሽ ማነው?»

ሐናን ወደ በሩ አየች። እኔ ወደ ኮሪደሩ አየሁ።

«ዘምዘም፣ ነይ ግቢ» አለችኝ ሲስተር ትርንጎ። «በመደበኛዋ ልጅ አይሆንላትም። ድምፅሽን ቅጂላት። ነገ ነይ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ቀረጻው ቀላል ይመስላል። እስክሪብቶውን አፍሽ ጋ ትይዢና ትናገሪያለሽ። እስክሪብቶው ራሱ እየሰማ ይመዝናል፤ ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተከለከሉት ቃላት አንዱን ካወጣሽ ቀይ ይበራል። የተከለከሉት ቃላት ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፦ ሕመም፣ ደም፣ መርፌ፣ ሞት፣ እኔን።

«እኔን ደግሞ ምን አደረገ?» አልኩ።

«የሚያም ነገር እየመጣ ነው ማለት ነዋ። ሰው ሳይጎዳ እኔን የሚል የለም።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። «ሐናንዬ፣ እናትሽ ነኝ። አትፍሪ። በዚህ ነገር የሚሞተው ሰው በጣም ጥቂት ነው።»

ቀይ። «ድምፁ ያስፈራል። እንደገና ይሞክሩ» አለ እስክሪብቶው።

«ሐናንዬ፣ የደም ሥር ካልነካ ምንም አይልሽም።»

ቀይ።

«ሐናንዬ፣ እኔን ይውጋኝ፣ እኔን—»

«ዘምዘም!» አለች ሲስተር ትርንጎ። «በስመአብ! አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሰው ሳይጎዳበት መናገር ያቅትሻል?»

«ልሞክር።» ሞከርኩ። በስድስተኛው ላይ አለቀስኩ። እስክሪብቶው የለቅሶ መብራት ስለሌለው ሁሉንም መብራቶቹን አበራ።

ሲስተር ትርንጎ ተነሥታ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ቢሮው እንደኔ ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው ጽሑፍ ነው። «ይህን አንብቢ። ስለ ልጅሽ አታስቢ። የወለሉን ጡብ እየቆጠርሽ አንብቢ።»

ጡቡን እየቆጠርኩ አነበብኩ። «ልጄ፣ ቁጭ በይ። በረጅሙ ተንፍሺ። ምንም አልሆነም። አንቺ ጠንካራ ልጅ ነሽ። የሚመጣውን ሁሉ ትችይዋለሽ። እኔ አጠገብሽ ነኝ።» ድምፄ እንደ ረጋ ውሃ ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ጡብ።

አረንጓዴ በራ። ሲስተር ትርንጎ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አምላኳን አመሰገነች።

በሁለተኛው ሐሙስ እንደገና በሩ ላይ ቆምኩ። ሐናን ተቀመጠች፣ ጣቶቿን አወዛወዘች፣ እስክሪብቶውን ጭኗ ላይ አስደገፈች፣ ቁልፉን ነካች። የእኔ ድምፅ ዝግ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ከክፍሉ ወጣ። «ልጄ፣ ቁጭ በይ። በረጅሙ ተንፍሺ። ምንም አልሆነም።»

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። እስክሪብቶውን ነቅላ ወረወረችው።

«ማነው የሞተው?» አለች።

«ሐናን፣ ማንም—» አለች ሲስተር ትርንጎ።

«አባዬ ነው! ከጣራ ወደቀ! አባዬን! አባዬን!»

በሩን በርግዳ በአጠገቤ አለፈች፤ ጭኗን የጠረገችበትን ጥጥ በእጇ እንደያዘች ደረጃውን ወጣች።

አሁን የምናገረውን እንደሆነው ነው የምናገረው። ድምፁን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ጡቡን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ልጄ «አባዬ» እያለች ስትሮጥ ሳይ፣ ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ነገር መጣ አልኩና ሙሉ በሙሉ አመንኩ። ማን ነገራት ብዬ መጠየቅ እንኳ ትዝ አላለኝም። «ሙሄዋ!» ብዬ ከኋላዋ ሮጥኩ።

አምስተኛ ፎቅ ስንደርስ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ለቅሶ ጀመሩ። ሙሄ ጋ ለመደወል አይቻልም፤ ጣራ ላይ ስልክ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሲስተር ትርንጎ ከኋላችን «ቀረጻ ነው! ቀረጻ ነው!» እያለች ብትከተልም፣ የምትሮጥና የምትጮህ ሴት ምን እንደምትል ማንም አልሰማም። ሰዎች ደግፈው አስቀመጧት፤ «ጽናቱን ይስጥሽ» አሏት። እኛንም ጣራው ላይ ሳንደርስ ይዘው ወደ ግቢ አወረዱን፤ ሬሳውን ሌሎች አንሥተውታል ብሎ ሁሉም ሰው አሰበ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የእድሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ንፍሮ ደረሰ። ሐናንና እኔ መሀል ላይ ተቀመጥን። ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ሆነው «ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው እኮ፣ ደረጃ ሲወርድ እንኳ መደገፊያ ይይዛል» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙሄ ወረደ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን አየ። ከጎረቤት ሰው ሞቶ በድንኳኑ ፊት ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ወደ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት ገብቶ በሩ አካባቢ ካሉት ሰዎች ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ ያዘ። ከጎኑ የተቀመጠው ከሠላሳ ስምንተኛ ፎቅ የመጣ፣ ከእኛ ጋር የማይተዋወቅ ሰው ነበር።

«ማነው ሟቹ?» አለው ሙሄ።

«ከጣራ የወደቀ ሠራተኛ ነው። ምስኪን፤ ሚስቱ ትወድቃለህ፣ ትወድቃለህ ብላ ስትነግረው ነው የኖረችው አሉ።»

ሙሄ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ እሷን መስማት ነበረበት» አለና ንፍሮውን ዘገነ።

መጀመሪያ ያየችው ሐናን ናት። የጮኸችው ጩኸት በዚያ ቀን ከጮኸነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሰዉ ለቅሶው ጠነከረ ብሎ አብሮ ጮኸ። እኔ ሄጄ ልብሱን ያዝኩት፣ ፊቱን ዳሰስኩት፣ ከዚያ ንፍሮውን ከእጁ ቀማሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የራሱን ንፍሮ መብላቱ ደስ አላለኝም።

«ግን ምን ሆናችሁ ነው?» አለ።

የእድሩ ዳኛ ደንቡን ገልጠው አዩ። ሟቹ ሲመጣ ድንኳን እንዴት እንደሚነሣ የሚል አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ ድንኳኑ እስከ አመሻሽ ቆመ፣ ሰዉም ንፍሮው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ስለ ሌሎች ሰዎች አወራ።

ቤት ስንገባ ሐናን ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«እማ፣ ያ ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

«የቢሮው ጽሑፍ ነው። እንዲያረጋጋሽ።»

«አያቴ የሞተች ቀን ጠዋት እንዴት እንደቀሰቀስሽኝ ታስታውሻለሽ? አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ በዚያው ድምፅ ‹ሐናንዬ፣ ቁጭ በይ፣ ምንም አልሆነም› አልሽኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተናግረሽ አታውቂም።»

«እውነቷን ነው» አለ ሙሄ። «አንቺ ዝግ ብለሽ ስታወሪ እኔም ያስፈራኛል። አንድ ቀን ‹ሙሄ፣ እስቲ ና› አልሽኝ በለሆሳስ፤ ወንድሜ ሞቶ ነበር።»

«አንተ ዛሬ ከሞት ተነሥተሃል፤ ዝም በል» አልኩት።

አንድ ሐሙስ ቀረ።

ሲስተር ትርንጎ ቅዳሜ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። እስከ ረቡዕ አዲስ ድምፅ ካልቀዳሁ ሐናን የመጨረሻውን በመደበኛዋ ልጅ እንደምትሞክር ነገረችኝ። «በመደበኛዋ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚሆን አንቺም እኔም እናውቃለን» አለች።

አውቅ ነበር። ለዚህ ነው እሑድ ያልሄድኩት። ሰኞ ጉሮሮዬ የታመመ መሰለኝ። ማክሰኞ በአንገቴ ላይ ሻርፕ ጠመጠምኩ። ሐናን ዝንጅብል አፍልታ አመጣችልኝ፤ ጠጥቼ «አሁንም አልተሻለኝም» አልኳት። ድምፄ ግን ደህና ነበር፤ ሙሄ ማታ ሲገባ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ጣራው ንፋስ ነግሬዋለሁ።

አንዳች ክፉ ነገር ማድረግ አልነበረብኝም። ምንም አለማድረግ ይበቃል። ሐሙስ ይመጣል፣ መደበኛዋ ልጅ ትናገራለች፣ ልጄ ትነቅለዋለች፣ ቅዳሜ አውቶብሱ ያለ እሷ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሌላ ዓመት መድኃኒቱን በብብቴ አሞቃለሁ። ሐናን ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ እየሞላችው ነበር። ልብሶቿን እያጣጠፈች ስታስቀምጥ በበሩ ስንጥቅ አይቻታለሁ። አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጣጠፈችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማ፣ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ፣ ልጄ» አልኩ።

ፊቷ ተለወጠ። «ይኸው ያ ድምፅ። ሰው ሲሞት የምታወጪው።»

ሻርፑን ፈታሁት። «አልፈልግም» አልኩ። «ምን ትሠሪ ትሄጃለሽ? ጨው ከዚህ የለም? ሙቀቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከምድር በታች ነው የምትተኙት፣ ምድር ደግሞ እዚያ አገር ዝም ብላ አትቀመጥም። አብራሽ የምትተኛዋን ልጅ አታውቂያትም፣ እናቷን አናውቃትም፣ ጉንፋን ይኑርባት አይኑርባት፣ ሌባ ትሁን አትሁን—»

ሐናን ሳቀች። ትከሻዬ ላይ ተደገፈችና ሳቀች።

«አሁን ገና አንቺን ሆንሽ። እንደዚህ ነው የምትቀጂልኝ።»

«እስክሪብቶው አይቀበለኝም። አይዞሽ ስል እንቀጠቀጣለሁ።»

«አይዞሽ አትበይኛ! የጋሽ እንድሪስ እናት አይዞህ ብለዋቸው ያውቃሉ? ሽንኩርት ነው የሚሏቸው።» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ግን ካልፈለግሽ አትቅጂ። እኔ አልቆጣም። ብቻ ጉሮሮዬን አትበይኝ።»

የተቆጣች ልጅ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። ሲስተር ትርንጎ ወረቀቱን ልትሰጠኝ ስትል አልቀበልም አልኳት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ እስክሪብቶውን ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ ሰመራ ለመናገር ሰመራን ማየት ነበረብኝ። ክፍሉን አየሁት፤ ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች። አንዱ ላይ ልጄን አስቀመጥኳት። ሻንጣዋን ከሥር አደረግሁላት። ለእኔ ልጄ የሄደችው በዚያች ደቂቃ ነው፤ አውቶብሱ ያደረገው ነገር ማድረስ ብቻ ነው።

«ሐናን፣ ስሚ። እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ፍራሹን ገልብጠሽ እዪ፤ ጊንጥ ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል። የላይኛውን አልጋ እንዳትይዢ፣ ትወድቂያለሽ። የታችኛውንም እንዳትይዢ፣ የላይኛዋ ትወድቅብሻለች። ቁልፍሽን ለማንም አትስጪ። ለአንዷ ግን ስጪ፤ ከውስጥ ብትወድቂ ማን ይከፍትልሻል? ግመል ፊት አትቁሚ። ጀርባውም አትቁሚ። በእርጥብ ፀጉር አትውጪ፤ ውሃ ካለ ማለቴ ነው። ደህና ነኝ ብለሽ ብቻ አትጻፊልኝ፤ ደህና ነኝ የሚል ሰው አላምንም፤ ምን እንደበላሽ ጻፊ። ደግሞ ከሁሉም ከሁሉም፣ እዚያ አገር ዋናው ነገር፣ ሐናንዬ፣ ተጠንቀቂ ከ—»

ጢጥ አለ። አረንጓዴ በራ።

«ድምፁ የተረጋጋ ነው። ተቀብያለሁ» አለ እስክሪብቶው።

ሲስተር ትርንጎ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ጊንጥ እያልሽ ነው የተረጋጋሽው?»

«የተከለከሉት ውስጥ የለም» አልኩ። «ግን አልጨረስኩም! ገና ዋናው ላይ ስደርስ ነው የቆረጠኝ።»

«አርባ ሴኮንድ ነው፤ ከዚያ በላይ አይዝም። ከፈለግሽ ከመጀመሪያው እንቀዳለን።»

እንደገና ብጀምር ያ ክፍልና ያ አልጋ ይመጡልኝ እንደሆነ አላወቅሁም። «ተዪው» አልኩ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆምኩ። በዚያ ጠዋት ስለ ልጄ ያሰብኩት ክፉ ነገር ሁሉ በቁጥር አይያዝም። መርፌው ይሰበራል ብያለሁ። አጥንት ይነካል ብያለሁ። ትስቅና ትነቅለዋለች፣ ሦስተኛውም ይሄዳል፣ ጥፋቱም የእኔ ይሆናል ብያለሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የባሰ ሆኖ ሲሰማኝ ገረመኝ፤ ባለፈው ሳምንት የምመኘው እሱን ነበርና።

የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ራሴን ሰማሁ።

«ሐናን፣ ስሚ። እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ፍራሹን ገልብጠሽ—»

«እሺ» አለች ሐናን።

«የታችኛውንም እንዳትይዢ—»

«እማ ደግሞ! ታዲያ ወለል ላይ ልተኛ?»

«ለአንዷ ግን ስጪ፤ ከውስጥ ብትወድቂ—»

«ለምንድነው የምወድቀው? ምን አድርጌ?»

«ግመል ፊት አትቁሚ። ጀርባውም—»

«ግመል ክፍል ውስጥ አይገባም! ሲስተር፣ ስሚልኝ እስቲ፣ በአላህ!»

«እኔን ተዪኝና ጭንሽን አላዪ» አለች ሲስተር ትርንጎ። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ። «—ተጠንቀቂ ከ» አለና ተቆረጠ።

በሩ ተከፈተ። ሐናን እስክሪብቶውን በእጇ እንደያዘች ወጣች፣ ቅንድቦቿ ተሰብስበዋል።

«ከምን?» አለችኝ።

«ምን ከምን?»

«ተጠንቀቂ ከ ብለሽ ቆምሽ። ከምንድነው?»

«ወጋሽው?»

«ምኑን?» አለችና ወደ እጇ አየች። እስክሪብቶው ባዶ ነበር፤ ከቢጫው አንዲት ጠብታ አልቀረም። ከኋላዋ ሲስተር ትርንጎ ዘይት የነካው መዝገብ ላይ አጎንብሳ ትጽፍ ነበር። ሐናን ጭኗን ነካችው። «ኡፍ» አለች፣ በጣም ዘግይታ።

አቀፍኳት። «ከምን እንደሆነ ቅዳሜ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ መነኻሪያው ግርግር ነበር፤ ሳልነግራት አውቶብሱ ተነሣ። ሙሄ እጁን ያውለበልባል፤ እኔ ጎማዎቹን አየሁ። የኋላው ግራ ጎማ የላላ ይመስል ነበር። ደረሰ ግን።

በመጀመሪያው ሐሙስ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከመወጋቷ አሥር ደቂቃ በፊት መሆኑ ነው።

«እማ፣ ትናንት ምሳ ምስር በላሁ። የታችኛውን አልጋ ነው የያዝኩት። አሁን ንገሪኝ፣ ከምንድነው የምጠነቀቀው? ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ላይ መቆምሽን ሳስብ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ክፍሌ ያሉት ልጆች ሁሉ መላ እየመቱ ነው፤ አንዷ እባብ ነው ትላለች፣ አንዷ ወንድ ነው ትላለች።»

ልል የነበረውን በደንብ አስታውሳለሁ። ስለ ነጠላ ጫማ ነበር፤ እርጥብ ወለል ላይ ስለሚያንሸራትት። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነው።

«አሁን ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ተወጊ» አልኳት። «በሚቀጥለው ሐሙስ ስትደውዪ እነግርሻለሁ።»

እስካሁን አሥራ አንድ ሐሙስ ሆኗል። በአንዱም ሳትደውል ቀርታ አታውቅም።